ሳያዩ መግዛት፦ ከታጁራ ሲራራ እስከ ዲንሾ ላንድሮቨር

የባሌ ደጋ ሰው ፈረስ ሲገዛ አይቸኩልም። ዲንሾም ሆነ ሮቤ ገበያ ቆሞ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ገዢው መጀመሪያ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ቀጥሎ ኮቴውን ያነሣል፤ ከዚያ ጀርባውን በመዳፉ ጫን ይለዋል፤ የኮርቻ ቁስል ካለበት ፈረሱ ይሸሻልና። በመጨረሻም ራሱ ወጥቶበት ሶምሶማ ያስመታዋል። ዋጋ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ገንዘቡን የሚያስረክብ ሰው ቢገኝ «ምን ነክቶታል?» ይባላል እንጂ ፈረስ ገዛ አይባልም።

ታዲያ ይኸው የፈረስ ጥርስ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ የቆመ አሮጌ ላንድሮቨር በስልክ ተደራድሮ፣ በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ሲገዛ ምን እንላለን? እኛ ሳቅን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ሳቅ ነው፤ የተጻፈውም በሳቃችን ስላፈርን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ዲንሾ፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን ቤተሰቦች ዘንድ ሰንብተን ነበር። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከአዳባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለውም እዚያው ነው። በበጋ ጠዋት ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ያድራል። የጓደኛችን አጎት፣ እኛም እንደሱ «ጋሼ» የምንላቸው፣ በዚያ ሰሞን ደጃፋቸው ላይ አንድ ሰማያዊ ላንድሮቨር አቁመው ነበር። ሁለት ፈረስና የዓመት ገብሳቸውን ሸጠው ነው የገዙት። ሐሳባቸው በክረምት ጭቃ ሌላ መኪና ከማይደፍረው የውስጥ መንደር እህሉንም፣ ታማሚውንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት ወደ ዋናው መንገድ ማውጣት ነበር።

ፎቶግራፉ ላይ መኪናው ያበራል። ሻጩም «ሞተሩ በቅርቡ ወርዶ ተሠርቷል፤ ምንም አይጎድለውም» ብሏል። በኪራይ ሾፌር እስከ ሻሸመኔ ደኅና መጣ። ዶዶላን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። ዲንሾ ደረሰና ቆመ፤ በማግስቱ ጠዋት በጭራሽ አልነሣም አለ። ከሮቤ የመጣው መካኒክ ከሥሩ ተኝቶ ሻንሲውን በካቻቢቴ ሲወጋው ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ሰነጠቀውና ገባ። ብረቱ በዝገት አልቋል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ከኛ አንዱ ቀስ ብሎ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ። እኛም ሳቅን። ለካ ጋሼ ሰምተውናል። አልተቆጡም። «እናንተ ልጆች፣ ታሪክ ነው አይደል የምትማሩት?» አሉን። «እስቲ በዚች አገር ከኔ በፊት ሳያይ የገዛ ሰው ነበረ እንደሆን ፈልጋችሁ ንገሩኝ። እሱስ እንዴት ሆነ?»

ጥያቄው እንደ ዋዛ የተጣለ ቢሆንም የዋዛ ጥያቄ አልሆነም። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ስንፈልግ የሰነበትነው መልሱን ነው።

በመጀመሪያ ትዝ ያለን ሁላችንም የሰማነው ጨዋታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በአሜሪካ ወንጀለኛ የሚገደልበት የኤሌክትሪክ ወንበር መኖሩን ሰምተው አዘዙ፤ ወንበሩ ሲመጣ ግን ኤሌክትሪክ ባገሩ የለም፤ ስለዚህ ዙፋን አደረጉት ይባላል። በኒውዮርክ በዚህ ወንበር የመጀመሪያው ሰው የተገደለው በ1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1890) መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ተረት ነው። የትእዛዙን ደብዳቤ፣ የጭነቱን ዝርዝር፣ የክፍያውን ወረቀት አውጥቶ ያሳየ ጸሐፊ አላጋጠመንም፤ ታሪኩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚዘዋወረው ሰውን ስለሚያስቅ ብቻ ይመስላል። ልብ በሉ! በዚህ ተረት ውስጥ ገዢው አለ፣ ዕቃውም አለ፤ ሻጩ ግን የለም። ኤሌክትሪክ ለሌለው አገር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሸጠው ማነው? ስለሱ የሚስቅ የለም። ሳያይ በገዛ ሰው ላይ የሚሳቅ ሳቅ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሻጩን ከነገሩ ያወጣዋል። ዲንሾ እሳት ዳር የሳቅነውም ሳቅ ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ ተረቱን ትተን ወደ ተመዘገበው ታሪክ እንሂድ።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከታጁራ ወደብ የግመል ሲራራ አስከትሎ በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ገባ። ስሙ አርተር ራምቦ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ በፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ግጥሙን ከተወ ዓመታት አልፈውት ጠመንጃ ይነግድ ነበር። የያዘው 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነው። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጦር ዘንድ ጊዜያቸው ያለፈባቸው፣ በካፕ የሚተኮሱ አሮጌዎች ነበሩ። በቤልጂግ አገር ሊዬዥ ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች አንዱ በ7ና በ8 ፍራንክ ይገኝ ነበር፤ ሸዋ ሲደርስ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል የሚል ነው ተስፋው።

ንጉሡ እነዚህን ጠመንጃዎች ከመድረሳቸው በፊት አላዩም። ዕቃው ሲዋዋሉበት ባሕር ማዶ ነበር። ታዲያ ተታለሉ ወይ? አልተታለሉም። ምክንያቱም ዕቃው ቀደመ እንጂ ገንዘቡ አልቀደመም። ራምቦ ታጁራ ላይ ወራት ሙሉ ተቀምጦ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ የከረመው በራሱ ኪሳራ ነው። የንግድ ሸሪኩ ላባቱ ጉዞው ሳይጀመር ሞተ። በረሃውን ለማቋረጥ አራት ወር ያህል ፈጀ። በዚህ መካከል ምኒልክ ሐረርን ይዘው ከዚያ የተሻለ ጠመንጃ ማርከዋል። ራምቦ እንጦጦ ሲደርስ ንጉሡ ዕቃውን አዩት፤ ካዩት በኋላ ዋጋውን ቆረጡት፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ከላዩ አነሡለት፤ የቀረውንም በእጁ ሳይሰጡ ሐረር ሄዶ ከመኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ነጋዴው እያማረረ ሄደ።

የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ የሚያዝኑት ለገጣሚው ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር አየንበት። ምኒልክ የገበያውን ሕግ ያውቁ ነበር፤ ሕጉም «ማን ይቅደም፣ ብሩ ወይስ ዕቃው?» የሚለው ነው። ብሩ ከቀደመ አደጋው የገዢው ነው። ዕቃው ከቀደመ አደጋው የሻጩ ነው። እንጦጦ ላይ ንጉሡ የተጠቀሙት የዲንሾ ሰው በፈረስ ገበያ የሚጠቀመውን ዘዴ ነው፤ ጥርሱን ሳያዩ አልከፈሉም።

ከዚያ በኋላ በመጡት የብረት ዕቃዎችም ይኸው ሥርዓት ይታያል። ዐፄ ምኒልክ እንደ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና እንደ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያሉ ሰዎችን ወደ አውሮፓ እየላኩ ያስገዙ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ገደማ መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት መኪና ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው ሰርኪስ ነው፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ባቡሩ በስሙ መጠራቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። የፋብሪካውን ስም ማን ያውቃል? የታወቀው ተልኮ ያመጣው ሰው ነው። ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ስሙ እላዩ ላይ ተለጥፏልና። ያገራችን ሰው ይህን ዓይነቱን ሰው «ዋስ» ይለዋል። ሳያዩ የሚገዙ ነገሥታት የሚያይላቸው ዐይንና የሚጠየቅላቸው ዋስ ነበራቸው ማለት ነው።

አውቶሞቢልም ሲመጣ የመጣው ከነሻጩ ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ጀምሮ በበረሃና በገደል እያስነዳ አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ የምድር ባቡር ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የተባለ መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱም ተስፋቸው ንጉሡ ፊት ቀርቦ ሞገስ ማግኘት ነው። ስለዚህ መኪናውን ዳገት አስወጥተው፣ ወንዝ አሻግረው፣ እደጅ ድረስ አምጥተው ማሳየት ነበረባቸው። ምኒልክም ተሳፍረው አዩት። ፈረስ ላይ ወጥቶ ሶምሶማ ማስመታት ማለት ይኸው አይደል?

አሮጌ ተሽከርካሪ ለስሙ ሲባል ከሩቅ የተገዛበትም ጊዜ አለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ለበዓሉ ከመጡት ተሽከርካሪዎች አንዱ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የካይዘር ቪልሄልም 2ኛ የነበረ ሠረገላ ነበር። ካይዘሩ በ1911 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለቀው ስለ ነበር ሠረገላው ባለቤት አጥቶ ቆሟል። አንዱ ዙፋን ሲወርድ የወደቀውን ሌላው ዙፋን ሲወጣ ገዛው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛው ለመንኰራኵሩ ሳይሆን ለታሪኩ ነው፤ ታሪክ ደግሞ አይዝግም። የዲንሾው ጋሼ ግን ታሪክ አልገዙም። ሻንሲ ነው የገዙት።

እስካሁን ያየነው ቤተ መንግሥትን ነው። ተራው ሰውስ? ተራው ነጋዴ ሻጩን አራት ወር በበረሃ አስጉዞ እደጁ አያቆምም። ለሱ የተገኘው መላ ባንክ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፤ ከሱ በኋላ በመጡት ባንኮችም የውጭ ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ በነጋዴው አፍ «ኤልሲ»፣ ዋነኛው መንገድ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ገዢው ገንዘቡን ለሻጩ አይልክም፣ ባንኩ ዘንድ ያስይዛል፤ ሻጩም ዕቃውን መርከብ ላይ ጭኖ ወረቀቱን ለባንክ ሲያቀርብ ይከፈለዋል። ብሩም አልቀደመ፣ ዕቃውም አልቀደመ፤ ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። ይህ አሠራር በመላው ዓለም አንድ ዓይነት እንዲሆን የንግድ ምክር ቤቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1933 ደንብ አውጥቶለታል።

ነገር ግን እዚህም ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ባንኩ የሚያየው ወረቀት ነው፤ ዕቃውን አያይም። የጭነቱ ወረቀት፣ የዋጋው ደረሰኝ፣ የመድኑ ውል በተባለው መሠረት ከተሟሉ ባንኩ ይከፍላል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዝገት ቢሆንም ይከፍላል። «የተጫነው አንድ አውቶሞቢል ነው» የሚል ወረቀት አውቶሞቢሉ ዳገት ይወጣል አይልም። ዐይን የነበረው የሰርኪስ ቦታ በማኅተም ተተካ። ማኅተም መልካም ነገር ነው፤ ግን ካቻቢቴ ይዞ ከመኪና ሥር አይተኛም።

ጋሼ ደግሞ ይህም እንኳ አልነበራቸውም። ለአገር ውስጥ አሮጌ መኪና ማን ኤልሲ ይከፍታል? የነበራቸው ስልክ፣ ፎቶግራፍና ደላላ ብቻ ነው። ቀብድ ላኩ፤ ቀጥሎም ቀሪውን ላኩ፤ መኪናው ከዚያ በኋላ መጣ። የፈረሱ ጥርስ የታየው ከተከፈለበት በኋላ ነው።

ያገኘነውን ሁሉ በስልክ ስንነግራቸው በጸጥታ ሰሙን። «ንጉሡ ዕቃውን ሳያዩ አልከፈሉም ጋሼ» አልናቸው፤ ትንሽ ኩራትም ሳይኖርብን አልቀረም። እሳቸውም «ታዲያ እሳቸው ንጉሥ ናቸዋ!» አሉ። «ንጉሥን ሻጩ ይጠብቃል። እኔን ማን ይጠብቀኛል? ዛሬ ካልላክህ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል ነው ያለኝ።»

እኛ ያልገባን ይህ ነበር። ጋሼ ከምኒልክ ያነሰ ብልህነት አልነበራቸውም፤ የፈረስ ገበያ ምስክር ነው። ያነሳቸው አቅም ነው። ሳያይ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ እንዲከፍል የተገደደ ሰው ነው። የሚገደደውም የሚፈልገው ዕቃ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ነው።

ዛሬ አሮጌው መኪና ለምን ብርቅ ሆነ ብንል መልሱ ከሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እንደ መኪናው ዕድሜና እንደ ሞተሩ ጉልበት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጸ። ለሁለቱም ውሳኔ የሚሰጠው ምክንያት አለ፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪና የአየር ብክለት የሚናቅ ነገር አይደለም። ውጤቱ ግን እዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እያረጀ ሲሄድ ዋጋው መውረዱን ትቶ መውጣቱ ነው። የዲንሾው ገዢ የሚሻማው ከሱ ቀድሞ በተገዛ፣ በተሸጠ፣ ዳግመኛ በተሸጠ ብረት ላይ ነው።

ላንድሮቨር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሽያጭ የተፈጠረ ይመስል አንድ ተንኰል አለው። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለ ነበረ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት ዝጎ አይበላም። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ አሮጌ ላንድሮቨር ላዩ እንዳማረ ሥሩ ሊያልቅ ይችላል። ሌላ መኪና ላይ ስቱኮ መኖሩን ለማወቅ ማግኔት ያስጠጋሉ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ላንድሮቨር አካል ላይ ግን ማግኔት መጀመሪያውኑ አይዝም። ፎቶግራፍ ደግሞ የሚያነሣው ላዩን ነው። ጋሼ ያዩት ፎቶግራፍ እውነተኛ ነበር፤ የዋሸው ያልተነሣው ነው።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። መኪና ነዳጅ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ዲንሾ ላይ ከአሥር ሦስት እጅ ያህል ይጎድላል፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ከአሥር አራት እጅ ያህል። አሮጌ ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ቤንዚኑን ያፈሳል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የዶዶላው ጭስ ምክንያቱ በከፊል ይኸው ነው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ «ምንም አይልም» የተባለ ሞተር ዲንሾ ላይ ሌላ ፈተና አለበት። ሻጩ ስለዚህ አልዋሸ ይሆናል፤ መኪናው የሚሄድበትን አገር አያውቅም፣ ሊያውቅም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልን። እነዚህን ሁሉ ስንጽፍ የተጠቀምንባቸው ቃላት፣ ካንዴላው፣ ካቻቢቴው፣ ስቱኮው፣ እንዲሁም ያልጠራናቸው ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሌስትራው፣ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። መኪናው ከነቋንቋው ነው የመጣው። ዋስ ግን የኛው ነው። የመኪናውን አካል በባዕድ ቃል ብንጠራው የሽያጩን መተማመን የምንጠራው በገዛ ቃላችን ነው።

ቀብድን ካነሣን፣ ሕጉ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበትም ይደነግጋል። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር፤ ሻንሲው ከተወጋ በኋላ «የሆነ ሆነ» ብለው ብዙ ሳምንት ዝም አሉ። እኛ ሕጉን አግኝተን ስንነግራቸው የሻጩ ስልክ ከጠፋ ሰንብቷል። ሕግም እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ በጊዜው ያላየው ሰው አይጠቅመውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጋሼን ንጉሥ ማድረግ አንችልም። ሻጭ ሁሉ መኪናውን ዲንሾ ድረስ ነድቶ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ኃይልም የለንም። ግን ነገሥታቱ ከነበሯቸው ሁለት ነገሮች አንዱ በእጃችን ነው። ጉልበታቸው የለንም፤ ዐይን ግን አለን። አዲስ አበባ ያለን የክፍለ ሀገር ልጆች ስንት ነን? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን እንሠራለን? የአንድ ገበሬ የዓመት ገብስ ከመላኩ በፊት ሦስት ሰዓት ወስዶ ሄዶ ማየት የሚያቅተን አይመስለንም።

የሚታየውም ብዙ አይደለም። የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ይመሳከር። ሻጩ ባለቤቱ ነው ወይስ በውክልና የሚሸጥ? ውክልናውስ አልተሻረም? መኪናው ከመድረሳችሁ በፊት ተነሥቶ እንዳይቆይ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ምንጣፉን ግለጡ። ከሥሩ ተኙ፤ ልብሳችሁ ይቆሽሽ። አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ካቻቢቴ አውጡ፤ ሻጩ «አትንካ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ከዚያ እንጦጦ ዳገት አስወጡት። ገንዘቡም ለሁለት ይከፈል፤ ከፊሉ ሲታይ፣ ከፊሉ ስም ሲዞር።

የጋሼ ላንድሮቨር አሁንም ደጃፋቸው ነው። የሮቤው መካኒክ ሻንሲውን በከፊል ቆርጦ በአዲስ ብረት እየበየደው ነው፤ ካርቡራተሩንም ለደጋው አስተካክሎታል። ጠዋት ጠዋት ይነሣል ይላሉ። ከተሸጡት ፈረሶች አንደኛው ግን ሮቤ ገበያ ላይ አጋጥሟቸው ዐወቃቸው አሉ። ይህን ሲነግሩን አልሳቅንም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራሳቸው ደወሉ። አንድ ጎረቤታቸው አዲስ አበባ የቆመ መኪና ሊገዛ ነው፤ ፎቶግራፉ ደርሶታል፤ ሻጩም «ነገ ሌላ ይወስደዋል» ብሎታል። «ምንም ሳትልክ ቆይ፣ ልጆች አሉኝ አልኩት» አሉን። «ሂዱና እዩለት። ካቻቢቴ እንዳትረሱ።» ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንሄዳለን። ከአንባብያን መካከል ስለ ሞተር የሚያውቅ ካለ አብሮን ቢመጣ ደስ ይለናል፤ እኛ እስካሁን የተማርነው ስለ ምኒልክ ብቻ ነው።